አንድ ዙር ይቀርሃል

ትናንት ሌሊት፣ ሊነጋጋ ሲል በያዘኝ እንቅልፍ ውስጥ፣ ሕልም አየሁ። እስከዚያ ድረስ ስገላበጥ ነው ያደርኩት። ትራሴ ሥር የዛሬው ሩጫ የስም ዝርዝር ነበር፤ እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

እኔ እንዳልካቸው ዙር ቆጣሪ ነኝ። ዛሬ ሐይቁ ዳር ባለው ሜዳ ላይ ሦስት ሰዓት ሙሉ ይዞራል። ሽማግሌው በከዘራው፣ እናት ልጇን አዝላ፣ የቻለ እየሮጠ፣ ያልቻለ እያዘገመ፣ ሁሉም እንደ አቅሙ ነው። የሚሸነፍ የለም፤ የዞረው ሁሉ ይቆጠርለታል። እኔ ከምቆጥርላቸው አሥር ሰዎች መካከል አንዷ አስካለ ናት።

የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ የአሥር ሺህ ሜትር ማጣሪያ ነበር። አስካለ ትመራ ነበር። ሁለት ዙር እየቀራት የመጨረሻውን ዙር ደወል ደወልኩላት። ቆጠራው ተምታቶብኝ ነው። ያላትን አቅም ሁሉ አሟጣ ሮጠች፣ እጇን አነሳች፣ ሣሩ ላይ ተዘረረች። ገና አንድ ዙር እንደቀራት ሲነገራት እግሯ እምቢ አላት። ተነስታ እያነከሰች እስክትጨርስ ሦስት ልጆች አለፏት፤ የሚመረጡት ደግሞ ሦስት ብቻ ነበሩ። ዳኞቹ ሲጠይቁኝ፣ “እኔ አልደወልኩም፤ የትምህርት ቤቱን የእረፍት ደወል ሰምታ ነው” አልኩ። አመኑኝ። የባሰው ነገር እሷም አመነችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሮጣ አታውቅም፤ ዛሬ የመጀመሪያዋ ነው። ሩጫው ከመጀመሩ በፊት እውነቱን ልነግራት ቆርጬ ነበር ጋደም ያልኩት።

በሕልሜ ያ የድሮው ሜዳ ላይ ነኝ። ተመልካቹ ይሮጣል፤ ሯጮቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው ቆሎ እየቆረጠሙ ያጨበጭባሉ። ሐኪሞቹ ቃሬዛ ላይ ተጋድመው ተራ ይጠብቃሉ። አንዲት አህያ የልብ ማዳመጫ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ አንድ በአንድ ታያቸዋለች። ቀድሞ የገባ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ይጠይቃል። መጨረሻ ለወጣው ሜዳሊያ ይጠለቅለታል። ማንም በዚህ አልተገረመም፤ እኔም አልገረመኝም።

አስካለ የኔ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ ያኔ የነበራት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ፊት ነው። ከጎኗ ያ ደወል፣ የአሮጌ መኪና ቸርኬ፣ ከዛፉ ላይ ተንጠልጥሏል፤ መምቻውን ብረት ጭኗ ላይ አድርጋዋለች። እኔ ሙሉ ልብስ ለብሼ፣ ከረባት አስሬ፣ ደረቴ ላይ ቁጥር ተለጥፎብኛል።

“ሩጥ እንጂ፣ ምን ይገትርሃል?” አለችኝ። በውኑ “እርስዎ” ብላኝ እንጂ “አንተ” ብላኝ አታውቅም።

“እሺ፣ እትዬ” አልኩ።

ሮጥኩ። አንድ ሕፃን እናቱን አዝሎ አለፈኝ። አንድ ከዘራ ሽማግሌውን ትቶ ብቻውን አለፈኝ። ዓይነ ስውሩ ዓይናማውን እጁን ይዞ እየመራ አለፈኝ፤ “ድንጋይ አለ፣ እግርህን አንሳ” ይለዋል። ዞሬ አስካለ ጋ ደረስኩ።

“ስንት ቀረኝ?”

“አንድ።”

ዞርኩ። መሮጫው በቤቴ ሳሎን በኩል አለፈ። ባለቤቴ ሶፋው ላይ ተቀምጣ፣ ቀና ሳትል፣ “እግርህን ሳትጠርግ እንዳታልፍ” አለችኝ። ጠርጌ አለፍኩ።

“ስንት ቀረኝ?”

“አንድ።”

“ቅድምም አንድ ብለውኝ ነበር።”

“አዎ፣ አንድ ነው የቀረህ።”

አሁንም ዞርኩ። በዚህኛው ዙር መንገዱ መማሪያ ክፍል ውስጥ ገባ። የዚያን ቀን ሦስቱ ዳኞች፣ ሽበታቸውን እንደያዙ፣ የተማሪ ዴስክ ውስጥ ተጣበው ተቀምጠዋል። ሰሌዳው ላይ “ማን ደወለ?” የሚል ጥያቄ ተጽፏል። አንደኛው እጁን አወጣ።

“አናውቅም፣ ቲቸር” አለ። “እርስዎ ያሉንን ነው የጻፍነው።”

ከክፍሉ ወጣሁ። አፈርኩ፤ በሕልም ውስጥ እንዲህ የሚታፈር አይመስለኝም ነበር። አስካለ ፊት ቆምኩ፤ ስንት ቀረኝ ብዬ አልጠየቅኋትም።

“እኔ ነኝ የደወልኩት” አልኩ።

“አልሰማሁህም፣ ሰዉ ይጮሃል።”

“እኔ ነኝ የደወልኩት! ሁለት ዙር ይቀርዎት ነበር። የእረፍት ደወል አልነበረም፤ ማንም ልብ አላለውም እንጂ ቀኑ ቅዳሜ ነበር፣ ትምህርትም አልነበረም። ፈርቼ ነው የዋሸሁት።”

የሚሮጠው ሕዝብ ባለበት ቆመ። አህያዋ መጥታ ማዳመጫውን ደረቴ ላይ አድርጋ አዳመጠችኝ፣ ራሷንም ነቀነቀች። እንባዬ ወረደ፤ ሃያ ሁለት ዓመት የተሸከምኩት ነገር ከትከሻዬ ወረደልኝ።

“ይሄ ነው እንዴ እስከዛሬ ያዞረህ?” አለችኝ አስካለ።

“ይኸው ነው።”

ተነሳች። ብረቱን አንስታ ቸርኬውን መታችው። ደወሉ ጮኸ። ደግሞ ጮኸ። አላቆም አለ።

ስልኬ ነበር። ፀሐይዋ አልጋዬ ላይ ወጥታለች። ሩጫው የሚጀመረው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነበር፤ አሁን ሁለት ሰዓት ሆኗል።

“ጋሽ እንዳልካቸው፣ ደህና ነዎት?” አለኝ የሩጫው አስተባባሪ ናትናኤል። “ብንደውል ብንደውል አያነሱም።”

“እንቅልፍ ጥሎኝ ነው፤ መጣሁ” አልኩ፣ ሱሪዬን በአንድ እጄ እየፈለግሁ። “ማን እየቆጠረ ነው?”

“እሱን እንኳ አያስቡ። የርስዎን አሥር ሰዎች የሚቆጥር ሰው ስናጣ አስካለ ቁጥሯን ከደረቷ ላይ ፈትታ ወንበርዎ ላይ ተቀመጠች። ኧረ ተይ፣ ሩጪ ብንላት እምቢ አለች። ‘ጋሼ እንዲሁ የሚቀሩ ሰው አይደሉም፤ አሟቸው ነው’ ብላ እኮ ነው።”

አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። “ስንት ሰዓት ቀረ?”

“አንድ” አለ። “ይኸው እሷን ላገናኝዎት።”

ከወዲያ ጭብጨባ ይሰማል። ቀጥሎ የአስካለ ድምፅ መጣ።

“ጋሼ፣ ተሻለዎት? እግዜር ይማርዎት። እኔማ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ብዬ ነው” አለች፣ እንደ ማፈር ብላ እየሳቀች። “የመጨረሻውን ዙር ደወል መቼ ነው የምደውለው? ያውቁኝ የለ፣ የደወል ነገር አይሆንልኝም።”