ሥልጠና ሄደው ሙሉ በሙሉ ያልተመለሱት አቶ ዘነበ

ሥልጠና ሄዶ የተመለሰ ሰው ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ሻንጣው ይመጣል፣ ፓስፖርቱ ይመጣል፣ አውሮፕላን ማረፊያ የገዛው ቸኮሌትም ቢቀልጥ እንኳ ይመጣል። አንደበቱ ግን እዚያው ይቀራል። እንዲህ ያለ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አይጠፋም። እኛ ዘንድ የለም የምትሉ ካላችሁ ራሳችሁን ጠርጥሩ።

ልደታ ውስጥ፣ ከፍርድ ቤቱ ብዙም በማይርቅ አንድ የዐቃቤ ሕግ ቢሮ፣ ይህን ወንበር የያዙት ሊቀ ሠልጣኛን አቶ ዘነበ ናቸው። ማዕረጉን ያወጣላቸው ሙሌ የሚባል ቀልደኛ ዐቃቤ ሕግ ነው፤ እሳቸውም ሲሰሙት ቅር አላላቸውም። ቡዳፔስት ስለ ሙስና ምርመራ፣ ናይሮቢ ስለ ሰዎች ዝውውር፣ ቶኪዮ ደግሞ ስለ ምስክሮች አያያዝ ሠልጥነዋል። ከሦስቱ ከተሞች አንዱ ሳይጠራ የሚመሽ ቀን የለም። ሻይ ቀዝቅዞ ሲመጣ "ቶኪዮ ሳለን" ይላሉ። ሊፍቱ ሲቆም "ቡዳፔስት ሳለን" ይላሉ። መብራት ሲጠፋ ግን ዝም ነው፤ ናይሮቢም ጠፍቶባቸው ነበር።

የዚህ ሁሉ ዋና ሰሚ ሰብለወንጌል ናት። ወጣት ዐቃቤ ሕግ ናት፤ ከአቶ ዘነበ ጋር አንድ ክፍል ትጋራለች። ክፍሉ ጠባብ በመሆኑ የምትሸሽበት የላትም። ከጠረጴዛዋ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ በእሳቸው ሰርተፍኬት ተሸፍኗል። በሩ ጀርባ ያለው ምስማር ላይ ከየአገሩ ያመጧቸው የአንገት ባጆች በየቀለማቸው ተንጠልጥለዋል፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ይንኳኳሉ። እሷ የምትጽፍበት እስክሪብቶ እንኳ የቡዳፔስት ሆቴል ስም ያለበት ነው። ከጉዞ ሲመለሱ ለቢሮው ሰው ሁሉ አንድ አንድ እስክሪብቶና አንድ አንድ ትንሽ የሆቴል ሳሙና ያድላሉ፤ በዚህ ማንም አይወቅሳቸውም።

ከጉዞ መልስ ለባልደረባ ልምድ ማካፈል የቢሮው ደንብ ነው። ሌላው ሰው ደንቡን በሩብ ሰዓት ተናግሮ ይገላገለዋል። አቶ ዘነበ ግን ከቶኪዮ በተመለሱ ጊዜ ጠዋት ጀምረው ምሳ ሰዓት ላይ ገና የመተዋወቂያውን ምሽት ነበር የሚተርኩት። የቡድን ፎቶውን ግድግዳው ላይ አብርተው፣ በእንጨት እየጠቆሙ፣ "ይህ ከኋላ የቆመው የፊጂ ዳኛ ነው፤ ግሩም ሰው" አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ የቢሮው ሰው ከገዛ አለቃው ይልቅ የፊጂውን ዳኛ ያውቃል። የልጆቹን ስም ሳይቀር ያውቃል።

ነገሩ በቢሮ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አቶ ዘነበ የሚኖሩት ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ነው፤ ሰፈሩም አልዳነም። የዕድሩ ሰዎች አዲስ ድንኳን ይገዛ አይገዛ በሚል ተጣልተው ሊለያዩ በደረሱበት እሑድ፣ እሳቸው ብድግ ብለው "እስቲ በቡድን እንከፈል" አሉ። ሽማግሌዎቹን አራት አራት አድርገው አስቀመጧቸው። ለየቡድኑ ቢጫና አረንጓዴ ወረቀት አደሉና፣ ሥጋታችሁን በቢጫው፣ ተስፋችሁን በአረንጓዴው ጻፉ አሏቸው። አቶ ሀብተ ማርያም የሚባሉ የዕድሩ አንጋፋ ቢጫውን ወረቀት ተቀብለው አገላበጡት፤ ከዚያ መነጽራቸውን ጠረጉበት። የድንኳኑ ነገር እስካሁን አልተወሰነም። የቡድን ፎቶ ግን ተነሥተዋል።

ሌላ ቀን ደግሞ ከአብነት በታክሲ ሲመጡ፣ አንድ ሌባ በመስኮት እጁን ሰዶ ከአጠገባቸው የተቀመጠችውን ልጅ ስልክ መንትፎ ሮጠ። ልጅቷ ልትወርድ ስትል አቶ ዘነበ ክንዷን ያዝ አድርገው፣ ወንጀለኛን ከማሳደድ ምቹ ሁኔታን ማጥፋት እንደሚቀድም ያስረዷት ጀመር። ሌባው ልደታ ቤተ ክርስቲያንን ሲያልፍ እሳቸው ገና ሁለተኛው ነጥብ ላይ ነበሩ። ረዳቱ ትንሽ ታገሠና፣

"ፋዘር፣ ኮርሱን ወርደው ይጨርሱት፤ ወራጅ አለ" አላቸው።

ሰብለወንጌል ይህን ሁሉ ለጓደኞቿ እያስመሰለች ትናገራለች፤ ድምፃቸውን ስታወጣ ልክ እሳቸውን ነው። ከሳቁ በታች ግን አንድ ነገር ይቆረቁራታል። ቢሮው ከገባች ዓመታት ተቆጥረዋል። ከባድ መዝገቦች ይዛለች፤ የተሸነፈችባቸው አሉ፣ የሚበዙት ግን የረታችባቸው ናቸው። እስካሁን ግን ለሥልጠና ውጭ አገር የላካት የለም። እሷ የምታውቀው ሥልጠና ቢሾፍቱ አዳራሽ ውስጥ ከምሳ በኋላ የሚያስተኛውን ነው። ከቡዳፔስቱም ከቶኪዮውም ይልቅ የሚያንገበግባት ደግሞ ሌላ ነው፤ ሥራዋን ያየላት ሰው ያለ አይመስላትም። አንድ ሰው አንድ ቀን "ይህቺ ልጅ ትሠራለች" ቢላት ደስ ባላት ነበር። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ያሳፍራል።

ታዲያ በመስከረም መጨረሻ ከባንኮክ ጥሪ መጣ። ከብዙ አገር የሚመጡ ዐቃቤያነ ሕግ፣ ዳኞችና መርማሪዎች ለአንድ ወር ስለ ምስክሮች አያያዝ የሚሠለጥኑበት ነው። ከቢሮው የሚፈለገው አንድ ሰው ብቻ ነበር። የቢሮው ኃላፊ ወይዘሮ ወለተሥላሴ ሁለት ዕጩ እንደሚያቀርቡ፣ አዘጋጆቹም በቪዲዮ አነጋግረው እንደሚመርጡ ተናገሩ። አንደኛዋ ዕጩ ሰብለወንጌል ሆነች። ሁለተኛው ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ አቶ ዘነበ የሻንጣቸውን አቧራ ሲያራግፉ አየቻቸው።

"ጋሽ ዘነበ፣ ይህንን የምስክሮቹን እኮ ቶኪዮ ተምረውታል" አለቻቸው፣ ፊቷን ፈገግ ለማድረግ እየታገለች።

"ማደሻ ኮርስ ይባላል" አሏት። "ዕውቀት እንደ መንጃ ፈቃድ ነው፤ ይታደሳል።"

ሙሌ ኮሪደር ላይ አግኝቷት፣ "ሰብልዬ፣ አትልፊ። ሰውየው ለዚህ ነገር የተፈጠሩ ናቸው። ጠያቂዎቹን ራሳቸውን አሠልጥነው ነው የሚወጡት" አላት። ቀልዱ ነበር፤ እሷ ግን ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

ካሜራው የሚሠራ ኮምፒዩተር ያለው ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም ተራ በተራ እዚያ ሊገቡ ሆነ። አቶ ዘነበ ቀደሙ። ክራቫት አሥረዋል፣ የቶኪዮውን ባጅ ጭምር አንገታቸው ላይ አድርገዋል። ሰብለወንጌል ውጭ ወንበር ላይ ተቀምጣ ያጠናችውን በልቧ ትወጣለች። በሩ ወፍራም በመሆኑ ቃሉ አይለይም፤ የእሳቸው ድምፅ ሳያቋርጥ ሲወርድ ብቻ ይሰማል። የተሰጣቸው ጊዜ አለቀ፣ ድምፁ ቀጠለ። ጠያቂዎቹ መሃል ለመግባት ሲሞክሩም ሰማች፤ ድምፁ ቀጠለ። በመጨረሻ ላብ በላብ ሆነው ወጡ።

"ግሩም ሰዎች ናቸው" አሏት። "ግቢ፤ አሙቄልሻለሁ።"

ገባች። ስክሪኑ ላይ አንዲት ፀጉሯ የሸበተ ሴትና አንድ ወፍራም ሰው ይታያሉ። ሰብለወንጌል እንግሊዝኛዋን አዘጋጅታ፣ ስለ ትምህርቷ ልትጀምር ስትል ሴትዮዋ እጇን አነሣች።

"ይቅርታ፣ አንድ ነገር እናጣራ" አለች። "ከእርስዎ በፊት የገቡት አቶ ዘነበ ጊዜያቸውን በሙሉ ስለ አንዲት ባልደረባቸው ሲነግሩን ጨረሱት። በምስክሯ አጠገብ የፍርድ ቤት ደረጃ ላይ የተቀመጠችው ዐቃቤ ሕግ እርስዎ ነዎት?"

ሰብለወንጌል መጀመሪያ አልገባትም። ቀጥሎ ትዝ አላት። ከዓመታት በፊት ወይዘሮ ቦሰና የሚባሉ የጌጃ ሰፈር ሽንኩርት ነጋዴ በአንድ የድብደባ ወንጀል ሊመሰክሩ መጥተው፣ ኮሪደሩ ላይ የተከሳሹን እናት ሲያዩ ጥለው ወጡ። ሁለቱ ሴቶች የአንድ ግቢ ሰዎች ናቸው፤ አብረው ልጅ ያሳደጉ፣ አብረው የበሉ። ወይዘሮ ቦሰና የፈሩት ተከሳሹን አልነበረም። ነገ ከእናቱ ጋር እንዴት ዓይን ለዓይን እንደሚተያዩ ነበር የጨነቃቸው። ሰብለወንጌል ካባዋን እንደለበሰች ደረጃው ላይ አጠገባቸው ቁጭ አለች። ስለ ሕግ አንድ ቃል አልተናገረችም። ጭንቀታቸውን ሰምታ ስትጨርስ ተነሥታ፣ የተከሳሹን እናት ጠይቃ ይዛቸው መጣች። ሴትዮዋ እያለቀሱ፣ "ቦሱዬ፣ ያየሽውን ተናገሪ። እኔና አንቺ እንደ ድሯችን ነን" አሏቸው። ወይዘሮ ቦሰናም ገብተው መሰከሩ።

"አዎ፣ እኔ ነኝ" አለች ሰብለወንጌል። ሌላው ያጠናችው ሁሉ ከጭንቅላቷ ጠፋ።

"አቶ ዘነበን 'እርስዎን ለምን እንምረጥ?' ብለን ስንጠይቃቸው" አለ ወፍራሙ ሰው ፈገግ ብሎ፣ "'እኔ ያሠለጠናችሁኝን አወራለሁ፤ እሷ ያላሠለጠናችኋትን ትሠራለች' አሉን። አሁን ደግሞ ታሪኩን ከባለቤቷ እንስማው።"

ነገረቻቸው። ድምፅዋ አንዳንዴ ይሰበር ነበር፤ ኔትወርኩም እንዲሁ።

መልሱ ሳይቆይ መጣ፤ የተመረጠችው ሰብለወንጌል ነበረች። ወይዘሮ ወለተሥላሴ አቅፈው ሳሟት፣ ሙሌ አዲስ ማዕረግ ሊያወጣላት አስቦ ሳይሳካለት ቀረ። ሊቀ ሠልጣኛን ደግሞ በማግሥቱ ጠዋት የቅድመ ጉዞ ሥልጠና ጀመሩላት። ነጭ ሰሌዳ አቁመዋል። አንደኛው ርእስ ሽሮና በርበሬ እንዴት እንደሚታሸግ ነው፤ ሁለተኛው በቡድን ፎቶ ጊዜ ከመሃል እንዴት እንደሚቆም። ሰብለወንጌል ትንሽ አዳመጠችና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"ጋሽ ዘነበ፣ ስለ እኔ እንዲያ ብለው የነገሯቸው ለምንድነው?"

"የትኛውን?" አሉ ከሰሌዳው ሳይዞሩ። "የደረጃውን? እሱንማ መቼ ዛሬ ጀመርኩት። ቡዳፔስት ተናግሬዋለሁ። ናይሮቢ ተናግሬዋለሁ። ቶኪዮ ላይማ አስተርጓሚዋ አልቅሳ ዕረፍት ወጣን። አንቺ እኮ ሦስት አገር የታወቅሽ ሰው ነሽ።"

ሰብለወንጌል ዓይኗ እንባ ሞላ፤ መደበቅም አልፈለገችም።

"ሦስት አገር ሲያወሩልኝ፣ እዚህ አጠገብዎ ተቀምጬ አንድ ቀን እንኳ ጎበዝ ብለውኝ አያውቁም።"

አቶ ዘነበ ዞር አሉ። የምር ግራ ገብቷቸዋል፤ ከዚያ ሁሉ ኮርስ አንዱም ይህን አላነሣላቸውም።

"አንቺማ እዚሁ ነሽ" አሏት። "ልምድ ልውውጥ የሚደረገው ከውጭ ሰው ጋር ነዋ።"

ልትቆጣ ፈልጋ ነበር፤ ሳቅ ቀደማት። እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ሳቀች፤ ኮሪደር ላይ ተራ የሚጠብቁ ባለጉዳዮች ምን ተገኘ ብለው ወደ በሩ ዞሩ። እኚህን ሰው ትወዳቸዋለች፤ ምን ታድርግ። አቶ ዘነበ ሳቋ እስኪያልቅ በትዕግሥት ጠብቀው ወደ ሦስተኛው ርእስ አለፉ።