ክብርት ኢባው እና የፕሬዚዳንቱ ዐሥራ ሁለት ደብዳቤዎች

ስብሰባ ባለበት አገር ሁሉ፣ ሰብሳቢው «ሌላ ሐሳብ ከሌለ» ብሎ ወረቀቱን መሰብሰብ ሲጀምር፣ ሰው ሁሉ ከጠረጴዛ ሥር ጫማውን በእግሩ ሲፈልግ፣ ከኋላ ወንበር እጁን የሚያወጣ አንድ ፍጡር አይጠፋም። እግዜር ይህን ሰው ለምን እንደፈጠረው አላውቅም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ግን ከፊቴ ተቀምጦ አይቼዋለሁ።

የእኛው ፍጡር ክብርት ወይዘሮ ኢባው ይባላሉ። አገራችን ኦሉሳር ሦስት ደሴት፣ አንድ ፕሬዚዳንትና አሥራ አንድ የምክር ቤት አባላት አሏት፤ ከአሥራ አንዱ እሳቸው የምሥራቁን ወረዳ ይወክላሉ። እኔ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ነኝ። «አንዲት ጥያቄ ብቻ» ሲሉ ምሳዬን እንደተሰናበትኩ አውቃለሁ። የእሳቸው ጥያቄ እንደ ጥንቸል ነው፤ አንዷ ገብታ ዐሥር ሆና ትወጣለች።

ምክር ቤት ሳይገቡ በፊት ሠላሳ ዓመት ፖስታ ቤት ሠርተዋል። ጎደሎ ደብዳቤ በእጃቸው አያልፍም ነበር። የገዛ ወንድማቸው የላከላቸውን የሠርግ ጥሪ አድራሻው አልተሟላም ብለው መልሰውበታል። ከሠርጉ ግን አልቀሩም፤ ያለ ጥሪ ሄደው ጠግበው በልተው መጡ።

አንድ ጊዜ የዓሣ ሚኒስትሩ ስለ ዓሣ ሊያስረዳ መጣ። ስለ ዓሣው ተጠየቀ፣ ስለ ጀልባው ተጠየቀ፣ ስለ ጀልባው ካፒቴን ተጠየቀ፤ ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ካፒቴኑ የሚስቱ ወንድም መሆኑን በገዛ አፉ ተናግሮ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሚኒስትሮቻችን ለምክር ቤት ሲጠሩ ጤና እያጡ ነው። አፈ ጉባኤ ኡቸልም የክብርት ኢባውን እጅ ሲያዩ የሚያኝኩትን ፍሬ ከጉንጭ ወደ ጉንጭ እያዛወሩ ሰዓቱን ይመለከታሉ፤ እጁን ያላዩ ለመምሰል።

አሁን ወደ ትልቁ ጣጣ ልግባ።

ባለፈው ዓመት አውሎ ነፋስ ደቡባዊቷን ደሴት ኤሜሉስን መታት። ፕሬዚዳንት ሬንጊል በመርከብ ራሳቸው ሄዱ፤ እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ገብተው ሕፃናት ተሸከሙ። አርባ ቤተሰብ አምጥተው ዋናው ደሴት ላይ ባለ ትምህርት ቤት አዳራሽ አስጠለሉ፤ የአስቸኳይ ጊዜም አወጁ። በሕጋችን አዋጁ ዐሥር ቀን ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ የምክር ቤት ፈቃድ ይፈልጋል። ፕሬዚዳንቱ ግን አራት ወር ሙሉ በየዐሥር ቀኑ በደብዳቤ አራዘሙት። ደብዳቤው «ለመረጃ ያህል» ይላል። በአዋጁም ፕሬዚዳንቱ ሳይፈቅዱ ማንም ወደ ኤሜሉስ አይመለስም።

ማንም አልተቃወመም። ሕዝቡ ሰውየውን ይወዳቸዋል፤ የምክር ቤት አባላትም የማይሰበሰቡበት ምክንያት በማግኘታቸው ደስ ብሏቸው ነበር። ከአዳራሹ ኦባክ የሚባሉ ሽማግሌ ክብርት ኢባው ቤት ድረስ መጥተው፣ እንግዶች ከሆንን እንሰናበት፣ እስረኞች ከሆንን ጥፋታችን ይነገረን፣ ጎደሬዬን አረም እየበላው ነው አሉ። ክብርት ኢባው ዐሥራ ሁለተኛውን ደብዳቤ አወጡ። ፖስታው ላይ «ለላኪው ይመለስ» ብለው ጻፉና መለሱት። ቀጥሎም ፕሬዚዳንቱ ቀርበው እንዲያስረዱ ጥያቄ አስመዘገቡ።

ፕሬዚዳንቱ የክብርት ኢባው የእህት ልጅ ናቸው። ያሳደጓቸውም እሳቸው ናቸው። እህትየው ይህን ሲሰሙ ለክብርት ኢባው ይልኩ የነበረውን ዓሣ አቆሙ።

በቀጠሮው ቀን አዳራሹ ጢም አለ። ሰው የመጣው ሕገ መንግሥት ሊሰማ አልነበረም፤ አክስት ያሳደገችውን ስትገርፍ ሊያይ ነው። ፕሬዚዳንቱ ገብተው ፈገግ አሉ።

«አክስቴ፣ ደህና ነሽ?»

«እዚህ አክስት የለዎትም፣ ክቡር ፕሬዚዳንት። እዚህ ያለችው የምሥራቁ ወረዳ ተወካይ ናት። ዐሥሩ ቀን ካለቀ በኋላ ማን ፈቀደልዎ?»

ፕሬዚዳንቱ ስለዚያ ቀን ማዕበል ተናገሩ። እናንተን ሰብስቤ ሳከራክር ሰዉ በሰጠመ ነበር አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እኔም ብዕሬን አስቀምጬ ላጨበጭብ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ክብርት ኢባው ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቁ። ያን ቀንማ ማን አገደዎት፣ እኔ የምጠይቀው ስለ ዛሬ ነው አሉ።

«ሕዝቡ ይወደኛል» አሉ ፕሬዚዳንቱ።

«እኔም እወድዎታለሁ። ፍቅር ግን የአንቀጽ ቁጥር የለውም።»

አዳራሹ ሳቀ። ፕሬዚዳንቱ አልሳቁም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከውኃ ውስጥ አንዲት ሴት አውጥተው እጃቸው ላይ እንደሞተች ተናገሩ። የነፋሱ ወቅት ገና አላለፈም፤ መልሼ ሰድጃቸው ሌላ ቢመጣ እንዴት አድርጌ እተኛለሁ አሉ። ይህን ማናችንም ሰምተን አናውቅም ነበር። ክብርት ኢባው መነጽራቸውን አወለቁ። «እርስዎ» ማለቱንም ረሱት።

«ለዚህ እኮ ነው እኛ እዚህ የተቀመጥነው፣ ልጄ። ብቻህን ከወሰንክ ብቻህን ትቀብራለህ። ከአንተ ጋር ለአሥራ ሁለት ከተሸከምነው ይቀላል። አታሳውቀን፤ ጠይቀን።»

ፕሬዚዳንቱም አዋጁ እንዲራዘም ፈቃድ ጠየቁ። ክርክሩ እስከ አመሻሹ ዘለቀ። አዋጁ ይራዘም የሚለው ስድስት ለአምስት ወደቀ፤ ክብርት ኢባውም ከስድስቱ ጋር እጃቸውን አወጡ። ነገር ግን መመለስ የፈለገ እንዲመለስ፣ ወቅቱ እስኪያልፍም ኤሜሉስ ላይ አንድ ጀልባና አንድ የመገናኛ ሬዲዮ እንዲቀመጥ ሁሉም ተስማሙ። ኦባክ በመጀመሪያው ጀልባ ሄዱ። ወቅቱም ሌላ አውሎ ነፋስ ሳያመጣ አለፈ። ባያልፍስ ኖሮ እያልኩ አሁንም አልፎ አልፎ አስባለሁ።

ፕሬዚዳንቱ ሁለት ወር አኮረፉ። በአክስታቸው ደጅ ሲያልፉ ወደ ባሕሩ ይዞራሉ።

በዚህ መሃል የክብርት ኢባው ጉልበት ታመመ። ምክር ቤታችን ያለው ኮረብታ ላይ ነው፤ ሃምሳ ሁለት ደረጃ አለው። ያኔ በድምፅ የተሸነፉት አምስቱ አባላት ስለ ክብርት ኢባው ጤና እጅግ አሰቡ። ቤታቸው አርፈው ጥያቄያቸውን በጽሑፍ ቢልኩ አሉ። በጽሑፍ የመጣ ጥያቄ መሳቢያ ውስጥ ምን ያህል እንደሚተኛ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ስንት ምሳ ያሳጡኝ ሴትዮ ቤት፣ ማንም ሳይልከኝ ወንበር ይዤ ሄድኩ። ከዘበኛችን ጋር ተሸከምናቸው። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ዘበኛውን ወገቡን ያዘው። ወንበሩ ወደ ግራ ሲያዘነብል ከኋላ አንድ ሰው መጥቶ ደገፈው። ዞር ስል ፕሬዚዳንቱ ናቸው፤ እጅጌያቸውን ሰብስበዋል። ሰላምታ የለም። የዘበኛውን ቦታ ያዙና ወጣን።

ሃያኛው ደረጃ ላይ ክብርት ኢባው የኤሜሉሱ ጀልባ መጠባበቂያ ሞተር የት እንደደረሰ ጠየቁ።

«አክስቴ፣ እንድረስና እመልሳለሁ» አሉ ፕሬዚዳንቱ እያለከለኩ።

«ላይ ስንደርስ በአንተ ፈንታ አማካሪዎችህ ይመልሳሉ። አሁን ንገረኝ።»

ነገሯቸው። የቀረውን ሠላሳ ሁለት ደረጃ ሙሉ፣ ትንፋሽ እስኪያጥራቸው ሲመልሱ ወጡ። እኔ ሁለቱም እጆቼ ተይዘው ስለነበር ቃለ ጉባኤ ላይ አልሰፈረም። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሳልጽፈው ያለፈኝ የሳቸው ጥያቄ ይህ አንድ ብቻ ነው፤ ቅር ቢለኝ ነው እዚህ ያሰፈርኩት።