ደሳለ ትረካውን እስኪጨርስ

ሰው የገዛ ጎረቤቱ ታሞ ተኝቶ «እግዜር ይማርህ» ብሎ ከበር እየተመለሰ፣ ጨርሶ ላልተፈጠረች ሴት ቁጭ ብሎ የሚያለቅሰው ለምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ መልሱን ግን አላገኘሁትም። እንዳትስቁብኝ፣ ከአልቃሾቹ አንዱ እኔ ነበርሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ትራክተር ሥር ተጋድሜ ዘይት ፊቴ ላይ ሲንጠባጠብ የኖርሁ መካኒክ፣ በስልክ በሚተረክ የፍቅር ልብ ወለድ የተነሣ ዓይኔ አብጦ የዋለበት ቀን አለ። ዘይት ገብቶብኝ ነው አልሁ። ማንም አላመነኝም፤ የሁሉም ዓይን አብጦ ነበርና።

የምሠራው በሽንፋ በኩል ካለ አንድ የሰሊጥ እርሻ ነው። በእኛ ካምፕ ኔትወርክ የሚባለው ነገር ዛፍ ላይ ወጥተው ካልፈለጉት አይገኝም። ስለዚህ ትረካው የሚመጣልን በሚሞሪ ነው። መተማ ዮሐንስ ካለ ሱቅ ይጫንና፣ ዱቄትና ሽንኩርት ከሚያመጣው መኪና ጋር ተሳፍሮ ካምፕ ይገባል። መንገድ የተዘጋ ሰሞን ዱቄቱም ትረካውም ይቀራል፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሰዉ አብዝቶ የሚነጫነጨው በትረካው ነበር። ዱቄቱንስ ከጎረቤት እርሻ ተበድረን እንጋግራለን። የኤርሚያስና የሳምራዊትን ቀጣይ ክፍል ማን ያበድረናል?

ኤርሚያስና ሳምራዊት የትረካው ሰዎች ናቸው። ይዋደዳሉ። ታሪኩ ይኸው ነው፤ ነገር ግን ይዋደዳሉ ብሎ መጨረስ ለተራኪው አልሆነለትም። ያ ድምፁን ከደረቱ ሥር የሚያወጣው ሰው «እወድሻለሁ» የምትለዋን አንዲት ቃል ሊያስወጣ ስንት ምሳ አስበላን። አንድ ጊዜ እናትየዋ ትታመማለች፤ አንድ ጊዜ ኤርሚያስ ሊናገር አፉን ሲከፍት የድሮ ወዳጁ ከተፍ ትላለች፤ ክፍሉም ልክ እዚያ ላይ ያልቃል። ዳሱ ሥር ለምሳ የተሰበሰበው አጫጅ፣ የጎጃሙም የወሎውም፣ በየአነጋገሩ ኤርሚያስን ሲመክርና ሲሰድብ ይውላል። ከሰዓት በኋላ ማጭድ እየያዙ ሲመለሱ ስለ ሙቀቱ የሚያወራ ሰው አልነበረም።

ድምፅ ማጉያው የደሳለ ነው። ደሳለ ትራክተር ነጂያችን ነው፤ ከትራክተሩ ባትሪ ቻርጅ ያደርገውና በምሳ ሰዓት ዳሱ ምሰሶ ላይ ይሰቅለዋል። መልካም፣ ሥራ የማይሰለቸው፣ ሰው የማይከፋበት ጎልማሳ ነው። የካምፑን ወጥ ቤት የምትይዘውን ታንጉትን ይወዳታል። ይህን ከእሱ አፍ ከመስማቴ በፊት በትራክተሩ አውቄው ነበር። የትኛውም እርሻ ላይ ቢውል ሲመለስ ተሳቢው ላይ የማገዶ እንጨት አይጠፋም፤ ወጥ ቤቱ በር ላይ ያራግፍና ምንም ሳይል ይሄዳል። ደግሞም አጨዳው ሊጀመር በተቃረበበት ሰሞን እኔ ዘንድ መጥቶ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «አያ አለምነህ፣ ሽማግሌ ትሆነኛለህ?» ብሎኛል። እሺ ብዬዋለሁ፤ ደስ ብሎኝ ነበር እሺ ያልሁት።

ከዚያ በኋላ ትረካው መጣ።

ስለ ታንጉት ጥቂት ልንገራችሁ። የሳንጃ ልጅ ናት፤ ሽንፋ ከተማ ልብስ ሰፊ ወንድም አላት፣ ሲሳይ ይባላል፣ እሁድ እሁድ እሱ ቤት ትውላለች። ከዓመታት በፊት ለአጨዳ የወረደ አንድ ሰው ሲምልላት ከርሞ፣ ሰሊጡ ተራግፎ ሲያልቅ «ለዘመዶቼ ነግሬ መጣሁ» እንዳለ ቀረ። በዚህ ቆላ እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ነው። ከደጋ ይወርዳል፣ ሥራው ሲያልቅ ይወጣል፣ የተናገረው ጣፋጭ ቃል በየዳሱ ተበትኖ ይቀራል። የእኛ አገር ሴት ያማረ ቃል ስትሰማ ልቧ አይሞቅም ማለቴ አይደለም። ይሞቃል እንጂ። ግን ሌላ ማን ሰማ? ጥያቄዋ ይህ ነው። በሽማግሌ የተላከ ቃል የሚያፍርለት ሰው አለው፤ ቢታጠፍ የሚዋረዱት እነዚያ በር ላይ የቆሙት ሰዎች ናቸው።

አንድ ቀን ኤርሚያስ በዝናብ ቆሞ ለሳምራዊት ልቡን ሲዘረግፍላት ዳሱ ጭጭ አለ። አንዱ የወሎ ልጅ ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። ታንጉት ብቻ ድስቷን እያማሰለች፣ «ይህን ሁሉ ከሚለፈልፍ ሽማግሌ አይሰድም?» አለች። ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ያልሳቀው ደሳለ ነበር።

«ዝም በይ እስኪ፣ እንስማበት!» አላት ተቆጥቶ።

ይኸውላችሁ፣ ደሳለን ያ ኤርሚያስ አበላሸው። ሽማግሌ መላክ የሚለው ነገር ድንገት የድሮ ሰው ወግ ሆኖ ታየው። «አያ አለምነህ፣ ትንሽ ቆይ» አለኝ፤ «መጀመሪያ በራሴ አፍ ልንገራት። ሰው ልቡን በሰው አፍ ይናገራል እንዴ?» እኔም፣ እንዴት ብዬ ልከራከረው፣ ያን ጊዜ እኔ ራሴ የኤርሚያስ ወገን ነበርሁ። ንገራት አልሁት። ነገራትም። አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ አዲስ ክፍል በመጣ ቁጥር አዲስ አነጋገር እየተማረ፣ እንጨቱን ባራገፈ ቁጥር ይነግራት ጀመር። ስለ ዓይኗ፣ ስለ ድምፅዋ፣ ያለ እሷ ስለማይነጋለት ሌሊት ነገራት። ታንጉት ትሰማለች፣ ፈገግ ትላለች፣ ምሳውን ስታወጣለት ሥጋው ይበዛል። ከዚህ በላይ ምን ትበል? ሽማግሌ ላክ ብላ አትለምነው። አንዴማ በሰው ፊት ብላው ነበር።

ሰሊጡ ታጨደ። ነዶው ተሰብስቦ ሂላ በሚባለው ክምር ቆሞ መድረቅ ጀመረ። ሂላው ደርቆ ሰሊጡ ከተራገፈ በኋላ ካምፑ ይበተናል፤ ታንጉትም ወደ ወንድሟ ቤት ትገባለች። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ደሳለም ያውቃል፤ ግን ትረካው ወደ ማለቂያው ደርሶ ነበርና ልቡ እዚያ ነበር።

በዚህ መሀል ፈንታ መጣ። ፈንታ የውሃ ቦቴ ነጂው ነው። ትረካ አይሰማም። እንዲያውም ጠላታችን ነበር፤ ኤርሚያስ ሊናገር ትንፋሹን በሚስብበት ሰዓት ነው የቦቴው ሞተር ዳሱ አጠገብ መጥቶ የሚያጓራው። አንድ ቀን ትራክተር ሥር ተኝቼ ሳለ ጫማውን አየሁ። ጎንበስ ብሎ፣

«አያ አለምነህ፣ ለእሁድ ሽማግሌ ሁነኝ» አለኝ።

«ለማን?»

«ለታንጉት።»

መፍቻው ከእጄ ወደቀ። «ነግረሃታል?»

«ምን ብዬ? እናንተ ትነግሯት የለም እንዴ» አለ፤ ሌላ የሚባል ነገር መኖሩ ገርሞት።

በእኛ ዘንድ ሽምግልና የተጠራ ሰው እምቢ አይልም። የማን ልጅ እንደሆነ ይጠይቃል፣ ጠባዩን ይጠይቃል፣ ነውር ካላገኘበት ከዘራውን ይዞ ይነሣል። በፈንታ ላይ ምን ነውር አገኛለሁ? ዝምታ ነውር አይደለም። «ሌላ የሚወዳት ሰው አለ» ብል ደግሞ፣ ያ ሰው ሽማግሌ እስካልላከ ድረስ ምን ተብሎ ይቆጠራል? እሺ አልሁ። የተላኩበትን ነገር ሳይፈጸም ማውራትም ክልክል ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ከምሳ በፊት ደሳለ ዘንድ ሄጄ፣ ምክንያቱን ሳልናገር፣ ለመንሁት። ልመና ነበር።

«ደሳለ፣ ሽማግሌ ልከህ ግባ። ዛሬ ንገረኝ፣ ዛሬውኑ እንሂድ።»

«ኸላስ፣ ነግሬያት የለ!» አለኝ፤ ከሱዳን ነጋዴዎች በተማራት ቃል ነገሩን ዘጋው። «ልቤን ታውቃለች። አሁን የመጨረሻዎቹ ክፍሎች መጥተዋል፤ ኤርሚያስ ሲጠይቃት እንዴት ብሎ እንደሚጠይቃት ልስማና፣ እኔም እንደዚያው አድርጌ እጠይቃታለሁ። ከዚያ ትሄዳለህ።»

እጁን ይዤ ልጎትተው አልችል። ምሳ ደረሰ፣ ትረካው ተከፈተ፣ እኔም ከሰዉ ጋር ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ምን እንደተባለ ግን አሁን አላስታውስም።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሆነን የሲሳይ በር ላይ ቆምን፤ እኔ፣ የካምፑ ዘበኛ ጋሽ ውቤና አንድ ቄስ። «ግቡ፣ አረፍ በሉ» ተባልን። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አልን፤ ወጉ ነው። ታንጉት ከውስጠኛው ክፍል በር ላይ ብቅ አለች። አዲስ ቀሚስ ለብሳ ነበር። ፊቷ እንደዚያ በርቶ አይቼው አላውቅም። የእግዜርን ስም አስቀድሜ፣ ልጃችን ፈንታ ብዬ ስጀምር ቀና ብላ አየችኝ፤ ቀጥላም ከኋላችን ወደ ደጁ አየች። ደጁ ላይ ማንም አልነበረም።

ሲሳይ እንደ ደንቡ ቀጠሮ ሊሰጠን ነበር። ማንም ሴት ልጁን በመጀመሪያ ቀን እሺ ብሎ አይሰጥም። ታንጉት ግን ወደ ውስጥ ጠራችው። ሲመለስ ግራ የገባው ሰው መስሎ፣ «እሺ ብላለች፣ ተቀመጡ» አለን። ብዙ ሰው አጋብቻለሁ፤ የተላክሁበት ነገር እንዲህ ፈጥኖ ሲሳካልኝም ይህ የመጀመሪያው ነው።

ለደሳለ የነገርሁት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው እንዲነግረው አልፈለግሁም። ትራክተሩ ላይ ተቀምጦ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ አገኘሁት። ነቅሎ ሰማኝ።

«ምን ብሏት ነው?» አለኝ።

«ምንም አላላት።»

«እንዴት ምንም?»

«ምንም። ሰው ላከ።»

«እኔ እኮ ነገርኋት፣ አያ አለምነህ።»

«ለእሷ ብቻ» አልሁት። ባልለው ይሻል ነበር። ከትራክተሩ ወርዶ ወደ ሂላው በኩል ሄደ፤ ድምፅ ማጉያውንም ከዚያ ቀን ጀምሮ አልሰቀለውም። አጫጆቹ ጥቂት አጉረመረሙና ተዉት። ሰሊጡ ሲራገፍ የሚሰማው የዱላ ድምፅ ብቻ ነበር።

ፈንታ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን መናገር አለብኝ። ሽንፋ ላይ ቤት ሠርቶላታል፣ ቦቴውን በሯ ላይ ያቆማል፣ ሰላም ናቸው። ሳገኛት ደኅና ነኝ ትለኛለች፤ እኔም አምናታለሁ። ግን ያኔ እሁድ ስትሸኘን፣ ሁለቱ ሽማግሎች ቀድመው ሲወጡ፣ ከአጥሩ ሥር የነገረችኝ ነገር አለ፤ ለደሳለ ያልነገርሁት።

«ከሩቅ ሳይህ የደሳለ ሽማግሌ መስለኸኝ ነበር» አለችኝ። «ሮጬ ገብቼ ቀሚሴን ቀየርሁ።»

«ታዲያ ለምን እሺ አልሽ፣ ልጄ?»

«እስከ መቼ ልጠብቀው?» አለች። ቀጥላም ቀሚሷን ወደታች እየደባበሰች፣ «አደራህን፣ እንዳትነግረው» አለችኝ።

አልነገርሁትም። ደሳለ ዛሬም ከእኔ ጋር ይሠራል፣ ዛሬም ብቻውን ነው፣ ልቡን እያወቀች ሳትወደው እንደቀረች ነው የሚያስበው፤ በዚያም መጽናናት ጀምሯል። ለእናንተ በጽሑፍ ያወጣሁት እሱ ማንበብ ስለማይወድ ነው። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፦ ማንም ይህን ወስዶ በድምፅ እንዳይተርከው።