የአባቴ ዜማ ሁለት ባዶ መስመሮች

ቤት የወረሰ ሰው ጣራውን ያድሳል፤ መሬት የወረሰ አጥሩን ያጥራል። የአባቱን ዜማ የወረሰስ ምን ያድርግ? ዱላ ይዞ ሰው ፊት ይቆማል፤ ያውም ጀርባውን ሰጥቶ። ባገራችን እንዲህ ያለ ብልግና የሚፈቀደው ለኦርኬስትራ መሪ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

አባቴ ቀን ቀን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማሽን ይጠግኑ ነበር፤ ከሥራ ሲወጡ ደግሞ ለፋብሪካው የኪነት ቡድን ዜማ ይደርሳሉ። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት እሳቸው የደረሱትን ስመራ ነው። ባሕር ዳር ላይ “የእሳቸው ልጅ” እባላለሁ እንጂ ስሜን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ቅር ይለኛል ወይ? ምን ልዋሽ፣ ይለኛል።

አምና ከሳጥናቸው ውስጥ ለፈትል ክፍል ሴቶች የደረሱትን ዜማ አገኘሁ። ወረቀቱ ወይቧል፤ መሐል ላይ ሁለት መስመር ባዶ ነው። ምስኪን፣ ሳይጨርሱት ቀርተው ነው አልሁና አዘንሁላቸው። ሐዘኔ ግን ብዙ አልቆየም። ሦስት ሳምንት በሬን ዘግቼ ባዶውን በራሴ የዋሽንት ዜማ ሞላሁት። ከዋሽንት ነፊዎቹ በቀር ለማንም አልተነፈስሁም። ሕዝቡ ከወደደው መድረክ ላይ ወጥቼ “ይቺ የእኔ ናት” ልል ነው። በሃምሳ ዓመቴ አንድ ነገር የእኔ እንዲባል መመኘት ነውር ነው እንዴ?

ዜማውን ያቀረብንበት ዝግጅት ጣና ዳር፣ ከዋርካው ሥር ነበር። ፊት ወንበር ላይ እናቴና ጡረታ የወጡ የፈትል ክፍል ጓደኞቿ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። ያቺ ባዶ የነበረች ቦታ ስትደርስ ለዋሽንቶቹ ምልክት ሰጠሁ። ይኼኔ አሮጊቶቹ በሙሉ፣ ባለ ከዘራዋ ሳትቀር፣ ብድግ አሉና እልልታውን ከጀርባዬ አቀለጡት፤ ዞር ብዬ አየኋቸው። የዋሽንት ነፊዎቼ ጉንጭ ሲነፋ አያለሁ፤ ድምፅ ግን የለም። ሁለቱ መስመር እንዳለቀ ሴቶቹ እኩል ጸጥ ብለው ተቀመጡ።

ሲያበቃ እናቴ እንባዋን እየጠረገች መጥታ ነገሩን አጫወተችኝ። ለካ ያኔ ፈታዮቹ በሦስት ፈረቃ ስለሚሠሩ ለልምምድ አይደርሱም ነበር። ዘፈኑ የእነሱ ሆኖ ሳለ እነሱ ዝም ብለው እንዳይሰሙ፣ አባቴ ለእልልታቸው ቦታ ትተውላቸዋል። አባቴ በጣም ናፈቁኝ። በዚያው ልክ አፈርሁ።

“ሌላ ሰው ቢሆን የሆነ ነገር ይጨምርባት ነበር” አለችኝ እጄን ይዛ። “አንተ ግን አባትህ እንደ ተወልን ሳትነካ አቆየሃት። ተባረክ ልጄ።”

ዋሽንት ነፊዎቹን እንዳይናገሩብኝ በዓይኔ እየለመንሁ አሜን አልሁ።