ዓሣ አልያዝንም

እኔ ሜትር የያዘ ሰው አላምንም። እናንተስ? በልጅነቴ እኛ ሰፈር ሜትር ይዞ የመጣ ሰው አጥር ሳያስፈርስ ሲሄድ አላየሁም። እና በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ሲያትል ወደብ ዳር ዓሣ የሚለካ የመንግሥት ሰውዬ ሳይ ብጠረጥረው አትፍረዱብኝ።

አዎ፣ ዓሣ ይለካል። ሕጉ እንዲህ ነው፦ ከልኩ ያነሰውን ዓሣ ወደ ባሕሩ ትመልሰዋለህ፤ ይደግ፣ ይውለድ ነው ነገሩ። ሲሰሙት ደግ ነገር ይመስላል። ግን መንግሥት ለዓሣ ልጅ እንቅልፍ አጣ ሲሉኝ እንዴት ልመን?

ከእኔ የባሱት ደግሞ ጋሽ ታደሰ ናቸው። እዚያው ሲያትል፣ ኮሎምቢያ ሲቲ የሚባል ሰፈር ጎረቤቴ ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን እናጠምዳለን። ያኔ ባለቤታቸው ካርቱም ሆነው የአሜሪካ መግቢያ ወረቀት ይጠብቁ ነበር። ጋሽ ታደሰ ስማቸው የሆነ ቦታ ተጽፎ የሚስታቸው ጉዳይ እንዳይበላሽ ሲሉ ጥላቸውንም አያምኑም።

አንድ ቅዳሜ ሰውዬው ወደ እኛ መጣ። የያዝነው ዓሣ ከልኩ በስንዝር ይበልጣል፤ ንጹሕ ሕጋዊ ነው። ጋሽ ታደሰ ግን ባልዲውን ከደኑና ላዩ ላይ ቁጭ አሉበት።

“ጋሼ፣ ሪላክስ ያድርጉ እንጂ” አልኳቸው።

“ዝም በል! ሚስቴን ልታስቀርብኝ ነው?”

ሰውዬው ስንት ያዛችሁ ሲል ምንም አልነው። ዓሣው ከሥር ባልዲውን ይደበድባል፣ ጋሽ ታደሰ ድምፁን ለመሸፈን ይስላሉ። ሰውዬው ዜሮ ጻፈና አመስግኖ ሄደ። ስማችንን እንኳ አልጠየቀም። ይሄ ነው ጨርሶ ያስደነገጠን፤ ያውቀዋል ማለት ነዋ!

ከዚያ ወዲያ እዚያ ለሚያጠምድ ሐበሻ ሁሉ ነገርን። ከጎረቤት ከተማ ከታኮማ የሚመጡት ሳይቀሩ ክረምቱን ሙሉ አንድ ቃል ሆንን፦ ዓሣ አልያዝንም።

እግዜር ይመስገን፣ የጋሽ ታደሰ ባለቤት እትዬ ወይንሸት በሰላም ገቡ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ባላቸው የሚውሉበትን ቦታ ይዩ ብለን ወሰድናቸው። መግቢያው ላይ አዲስ ማስታወቂያ ተሰቅሏል። እትዬ ወይንሸት ካርቱም ፈረንጅ ቤት ስለሠሩ እንግሊዝኛ ያነባሉ፤ ጮክ ብለው ተረጎሙልን። አጥማጆችን ስንጠይቅ እዚህ ዓሣ እንደማይያዝ ነግረውናል፤ ስለዚህ እስኪራባ ድረስ ማጥመድ ተከልክሏል፤ ስለተባበራችሁን እናመሰግናለን ይላል።

እትዬ ወይንሸት ወደ ባላቸው ዞሩ። “አንተ፣ በስልክ ቅዳሜን ዓሣ ሳጠምድ ዋልኩ ስትለኝ አልነበር?”

“ሳጠምድ ነዋ!”

“ዓሣ በሌለበት?”

ጋሽ ታደሰ በዓይናቸው ለመኑኝ። እኔም ሰው ላድን ብዬ ገባሁ። “ኦኬ፣ እትዬ፣ እኔ ምስክር ነኝ። አንድም ቅዳሜ ተለይቻቸው አላውቅም።”

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ከዚያ ሚስት እንዳለኝ ጠየቁኝ። የለኝም አልኩ።

“እንግዲያው የት ስትውሉ እንደከረማችሁ ገባኝ” አሉ።