ወደ ካዛን የተደወለው ስልክ

(ማርጊላን ከተማ አጠገብ ያለች መንደር፣ ከቀትር በኋላ። ከሻይ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማንቆርቆሪያ አረንጓዴ ሻይና ሁለት ሰዎች አሉ። ሙሂዲን አካ («አካ» ለታላቅ ሰው የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው) የሰፈሩ ታላቅ ናቸው፤ የማያውቁት ነገር እስከ ዛሬ አልተገኘም። ቶይቺ ሐብሐብ አብቃይ ጎረቤታቸው ነው፤ የነገሩት ነገር ገብቶት እስኪያልቅ ሻይ ይቀዘቅዛል። ሙሂዲን አካ ቆባቸውን አውልቀው ማዳመጫ ሊያጠልቁ ሲሉ ቶይቺ እጃቸውን ይዟቸዋል።)

ቶይቺ፦ ቆብዎን ሳያደርጉ አይደውሉም። አልኩ፣ አልኩ።

ሙሂዲን፦ ቆቡ ካለ ማዳመጫው አይገባም። ስንቴ ልንገርህ?

ቶይቺ፦ እንግዲያው ማዳመጫው ይቅር።

ሙሂዲን፦ በምን ልሰማ ታዲያ? በቆቡ?

ቶይቺ፦ ኑርማት አካ እኮ የልጄ አማት ሊሆኑ ነው። እንዴት በባዶ ራስዎ ያነጋግሯቸዋል?

ሙሂዲን፦ አያዩኝማ። የሚሄደው ድምፅ ብቻ ነው።

ቶይቺ፦ እሳቸውስ አያዩም። እኔ ግን እያየሁ ነው።

ሙሂዲን፦ ፊትህን አዙር።

(ቶይቺ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ጥቂት ቆይቶ ይመለሳል።)

ቶይቺ፦ ዞሬም አውቀዋለሁ እኮ።

ሙሂዲን፦ በል ቆቡን ለኮምፒውተሩ አድርግለት። የሚያወራው እሱ ነው።

(ቶይቺ ቆቡን ኮምፒውተሩ አናት ላይ በጥንቃቄ ያስቀምጣል። ራቅ ብሎ አይቶ ያቃናዋል።)

ቶይቺ፦ አሁን ሰው መሰለ።

ሙሂዲን፦ ከአንተ ይሻላል። አሁን የምጠይቅልህን አንዴ ድገምልኝ።

ቶይቺ፦ የሙሽራው እናት መጥተዋል፣ የእጮኝነቱ ዳቦ ተቆርሷል፣ የጋብቻው ስምምነት አልቋል። የቀረው አንድ ነገር ነው። ኑርማት አካ ሩቅ አገር ሄደው ካዛን ዳቦ ቤት ከፍተዋል፤ ሙሽሮቹንም ወደዚያው እወስዳለሁ ብለዋል አሉ። እኔ ደግሞ ከኦይሳራ ሌላ ልጅ የለኝም። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ድምፅ ያለው እሷ ናት። እሷ ከሄደች የማወራው ከሐብሐቡ ጋር ነው፣ አካ።

ሙሂዲን፦ ገብቶኛል። የሴት ልጅ አባት ራሱ አይለምንም፤ ሽማግሌ ነው የሚናገርለት። እኔስ ለምን ቁጭ አልኩ?

ቶይቺ፦ በተራው ስልክ ቢደውሉስ?

ሙሂዲን፦ በተራው ስልክ ካዛን ደውለህ ሰላምታው ሳያልቅ ሒሳቡ ያልቃል። ይሄ በኢንተርኔት ነው፣ ነፃ ነው።

ቶይቺ፦ ማን ከፍሎልን?

ሙሂዲን፦ ማንም። ሠሪዎቹ ሠርተው ለሰው ሁሉ ሰጡት። ክፍት ሶፍትዌር ይባላል። አሠራሩን አልደበቁትም። የፈለገ ገልጦ ያየዋል፣ የተበላሸ ነገር ካገኘ ያቃናዋል፣ ያቃናውን መልሶ ለሌላው ይሰጣል።

ቶይቺ፦ ገልጦ ካየ የምናወራውንም ይሰማላ።

ሙሂዲን፦ የሚያየው አሠራሩን ነው እንጂ ወሬህን አይደለም። እስቲ አስበው፤ ምድጃ እንዴት እንደሚሠራ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አንተ ቤት ምን እንደተጋገረ ግን ማንም አያውቅም።

ቶይቺ፦ ያውቃሉ እንጂ። ኦይሳራ ሳምቡሳ የጋገረች ቀን ሰፈሩ በሙሉ ደጄ ላይ ነው።

ሙሂዲን፦ ተወው፣ ምድጃውን ተወው። ደቦ በለው። የጎረቤት ግድግዳ ሲፈርስ ወጥተን አናቆምም?

ቶይቺ፦ እናቆማለን።

ሙሂዲን፦ ዋጋ እንጠይቃለን?

ቶይቺ፦ ኧረ ነውር ነው። ግን የበግ ሩዙን ማን ነው የሚሠራው?

ሙሂዲን፦ ሩዝ የለም።

ቶይቺ፦ ሩዝ የሌለው ደቦ? ማን ይመጣል ታዲያ?

ሙሂዲን፦ ከዓለም ዙሪያ መጥተዋል ነው የምልህ።

ቶይቺ፦ ሳይበሉ? አላህ ይስጣቸው። እኔ አልመጣም ነበር።

(ሙሂዲን አካ ማዳመጫውን ያጠልቃሉ። ስክሪኑ ላይ የተደረደሩትን ስሞች ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ያያሉ፣ አንዱን ይጫናሉ። ይጠብቃሉ።)

ሙሂዲን፦ ስልኩ ተነሳ። (ድምፃቸውን ያወፍራሉ።) አሰላሙ አለይኩም ኑርማት አካ። እንደምን አሉ? ደህና ነዎት? ቤተሰብ ሰላም ነው? ልጆች ደህና ናቸው? ሥራ እንዴት ነው? አልደከሙም? (ያዳምጣሉ፤ ፊታቸው ይበራል። የማዳመጫውን አፍ በመዳፋቸው ይከድናሉ።) ቶይቺ፣ ምን ያሉ ሰው ናቸው። እኔ የጠየቅኋቸውን አንድ ሳያስቀሩ ጠየቁኝ። ቤተሰቡን፣ ልጆቹን፣ ሥራውን፣ ድካሙን።

ቶይቺ፦ መለሱልዎት?

ሙሂዲን፦ ምኑን?

ቶይቺ፦ ደህና ነኝ አሉ?

ሙሂዲን፦ እኔስ መች ደህና ነኝ አልኩ? በሰላምታ መሃል ማን ይመልሳል? መጠየቅ ነው እንጂ።

ቶይቺ፦ እውነት ነው። ድምፃቸውስ እንዴት ነው?

ሙሂዲን፦ ወፍራም፣ የሚያምር፣ የተማረ ሰው ድምፅ። እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። (ወደ ስልኩ) ኑርማት አካ፣ ድምፅዎን መስማት እንዴት ደስ ይላል። (ያዳምጣሉ። ወደ ቶይቺ) የኔም ድምፅ ደስ ይላቸዋል። ትሕትናቸውን ግን አየህ? እኔንም «ኑርማት አካ» እያሉ ነው የሚጠሩኝ።

ቶይቺ፦ በራሳቸው ስም?

ሙሂዲን፦ አክብሮት ሲበዛ እንዲህ ነው። ካባን አውልቆ ለእንግዳ እንደ ማልበስ ነው፤ እሳቸው ስማቸውን አውልቀው ሰጡኝ።

ቶይቺ፦ ነገሩን ያንሱልኝ፣ አካ።

ሙሂዲን፦ (ወደ ስልኩ) እንግዲህ ነገራችን ስለ ልጆቹ ነው። ልጅቷ አባቷ አጠገብ ብትኖር ደስ ይለናል። እርስዎስ ምን ይላሉ? (ያዳምጣሉ። ጠረጴዛውን መታ ያደርጋሉ።) አለቀ።

ቶይቺ፦ ምን አሉ?

ሙሂዲን፦ «ልጅቷ አባቷ አጠገብ ብትኖር ደስ ይለናል፤ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አሉ። ከአፌ ነው የነጠቁኝ።

ቶይቺ፦ (ቁጭ ይላል።) ደስ ይለናል አሉ?

ሙሂዲን፦ (ወደ ስልኩ) እርስዎ እንዳሉት ይሁን። … የለም የለም፣ እርስዎ እንዳሉት። … በፍጹም፣ እርስዎ እንዳሉት። (ወደ ቶይቺ) አልበልጥህም ብለው ሙግት ገጠሙኝ።

ቶይቺ፦ ይተዉላቸው፣ አካ፤ ሐሳባቸውን እንዳይለውጡ። (ዓይኑን በእጅጌው ይጠርጋል።) ለኦይሳራ ሳልነግራት አልውልም። እስቲ ማዳመጫውን ይስጡኝ፤ ነገር ካለቀ በኋላ አባት ማመስገን አይከለከልም።

ሙሂዲን፦ አይከለከልም። ግን አታበላሸው። አመስግንና ውጣ።

(ቶይቺ የራሱን ቆብ ሳያወልቅ ማዳመጫውን ከላዩ ላይ ይጭነዋል።)

ቶይቺ፦ ገባ እኮ።

ሙሂዲን፦ ተናገር።

ቶይቺ፦ (ያለ ስልክም ካዛን በሚሰማ ድምፅ) ኑርማት አካ፣ እኔ ቶይቺ ነኝ፣ የኦይሳራ አባት። (ያዳምጣል። ግራ ይገባዋል።) አካ፣ እዚህ ውስጥ ሌላ ሰው አለ።

ሙሂዲን፦ ማን?

ቶይቺ፦ ቶይቺ ነኝ ይላል።

ሙሂዲን፦ ቶይቺ አንተ ነህ።

ቶይቺ፦ እሱንማ ነገርኩት። የኦይሳራም አባት ነኝ ይላል። (ወደ ስልኩ) ስማ፣ የኦይሳራ አባት እኔ ነኝ። … «እኔ ነኝ» ይላል ደግሞ። (ወደ ስልኩ) ውሸታም። (ያዳምጣል።) ሰደበኝ፣ አካ።

ሙሂዲን፦ ኑርማት አካ ሰደቡህ?

ቶይቺ፦ ይሄኛው ነው የሰደበኝ። (ወደ ስልኩ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ) ወንድሜ፣ እኔ ከሷ ሌላ ማንም የለኝም። (ያዳምጣል። ረጋ ይላል።) አሳዘነኝ። እሱም ከሷ ሌላ ማንም የለውም።

(ሙሂዲን አካ አፍንጫቸው ስክሪኑን እስኪነካ ተጠግተው ያነባሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።)

ሙሂዲን፦ ዝጋው።

ቶይቺ፦ ሰውየውስ?

ሙሂዲን፦ ሰው የለም። መሞከሪያ ነው። ማዳመጫህ መሥራቱን እንድታውቅ ሠሪዎቹ ያስቀመጡት ነው፤ የተናገርከውን መልሶ ያሰማሃል።

ቶይቺ፦ እርስዎ ታዲያ ያን ሁሉ ያወሩት ከማን ጋር ነው?

ሙሂዲን፦ ከራሴ ጋር።

ቶይቺ፦ የሚያምረው ድምፅስ?

ሙሂዲን፦ ቶይቺ።

ቶይቺ፦ እሺ። ግን እንዴት እሱን ጫኑት?

ሙሂዲን፦ ከሁሉ በላይ ነበራ። ኑርማት አካ ከሁላችን ታላቅ ናቸው፤ ታላቅ ሰው የሚቀመጠው ከላይ ነው። እኔ የተማርኩት አገሩ ፊደሉን ሳይቀይር በአሮጌው ፊደል፣ እነሱ የጻፉት በአዲሱ። ቢያንስ ሰውን በዕድሜው አያስቀምጡም? የት አገር ነው መሞከሪያ ከሽማግሌ በላይ የሚቀመጠው?

ቶይቺ፦ እንግዲያው ኑርማት አካ እሺ አላሉም።

ሙሂዲን፦ እምቢም አላሉም። (ማዳመጫውን ይወስዳሉ።) አሁን ትክክለኛውን ነው የምጫነው። ሻይ ቤት ውስጥ ግን ቃል እንዳይወጣህ። ይኸው፣ ኑር… ማት። (ይጫናሉ።) ስልኩ ተነሳ። አሰላሙ አለይኩም ኑርማት አካ። እንደምን አሉ? ደህና ነዎት? ቤተሰብ ሰላም ነው? ልጆች ደህና ናቸው? አልደከሙም? (ያዳምጣሉ። ፊታቸው ይጠቁራል።) ያው ነው።

ቶይቺ፦ ምኑ?

ሙሂዲን፦ መሞከሪያው። «እንደምን አሉ፣ ደህና ነዎት፣ ቤተሰብ ሰላም ነው» እያለ ከኔ እኩል ይጠይቃል። ሁለተኛ አልሞኝለትም።

ቶይቺ፦ ድምፁ የእርስዎ ነው?

ሙሂዲን፦ አይደለም፣ ቀጠን ብሏል።

ቶይቺ፦ ታዲያ ሰው ቢሆንስ?

ሙሂዲን፦ ክፍት ነው አላልኩህም? የፈለገ ገብቶ ያሻሽለዋል። በዚህ መሃል አንዱ ድምፁን ቀይሮት ነው።

ቶይቺ፦ ሻይ ሳንቀዳ?

ሙሂዲን፦ ፈጣኖች ናቸው። ቆይ፣ እጅ ከፍንጅ ነው የምይዘው።

ቶይቺ፦ ተዉ፣ አካ፤ እሳቸው ከሆኑ ልጄን…

ሙሂዲን፦ (ወደ ስልኩ፣ ቃሉን ረገጥ አድርገው) አንተ ሽማግሌ አህያ። (ያዳምጣሉ።)

ቶይቺ፦ ምን አለ?

ሙሂዲን፦ ዝም አለ።

ቶይቺ፦ አልደገመውም?

ሙሂዲን፦ አልደገመውም። (ያዳምጣሉ። ቀስ ብለው ይነሳሉ። ቆባቸውን ከኮምፒውተሩ ላይ አንስተው ያደርጋሉ።) «ማን ልበል?» ይላሉ።

(ቶይቺ ማዳመጫውን ይቀበላቸዋል። ሙሂዲን አካ ጥግ ይዘው ይቆማሉ።)

ቶይቺ፦ ኑርማት አካ፣ ቶይቺ ነኝ። … ደህና ነኝ፣ ምስጋና ለአላህ። … ቅድም የተናገሩት? ጎረቤቴ ሙሂዲን አካ ናቸው። … ኧረ አልሰከሩም፣ ሻይ ነው የያዝነው። … መሞከሪያውን እርስዎ መስሏቸው ነበር፤ አሁን ደግሞ እርስዎ መሞከሪያው መሰሏቸው። … አዎ፣ ከመሞከሪያው ጋርማ ተስማምተው ጨርሰው ነበር። … ስለ ልጄ ነው። (ድምፁ ይሰበራል።) አባት እንደማይለምን አውቃለሁ። ሽማግሌ ልኬ ነበር፤ ሽማግሌው እንዲህ ሆነብኝ። ኦይሳራን አይውሰዱብኝ። ሌላ የለኝም። … የሚመክረኝ? እሳቸው ናቸው። … በሁሉም ነገር። … የለም፣ ከእሳቸው ሌላ የሚያውቅ ሰው እዚህ የለም። (ለረጅም ጊዜ ያዳምጣል።) እሺ። እሺ፣ አካ። ይኑሩልኝ።

(ማዳመጫውን ያወልቃል። ፊቱን በሁለት እጁ ይሸፍናል።)

ሙሂዲን፦ (በቀጭን ድምፅ) በጣም ተቆጡ?

ቶይቺ፦ ሳቁ። ሲስቁ ቆዩና ሙሽሮቹ እዚሁ ይኖራሉ አሉ። ልጄ አትሄድም፣ አካ።

ሙሂዲን፦ (ወዲያው ቀና ብለው፣ ቆባቸውን እያስተካከሉ) አላልኩህም? ሽማግሌ ከገባበት የማይሆን ነገር የለም። ያሳመንኳቸው እኔ ነኝ።

ቶይቺ፦ እርስዎ ነዎት። ራሳቸውም መስክረዋል። «ልወስዳት ቆርጬ ነበር፤ ግን መካሪው እንዲህ ያለ ሰው የሆነን አባት፣ ልጁን ወስጄ ከመካሪው ጋር ብቻውን ብተወው አላህ ይጠይቀኛል» ነው ያሉት።