ለሶፋ ዕዳ የተላኩ ሽማግሌዎች

ፈረንጅ ነጋዴ ዕዳ ሲያንቀው ፍርድ ቤት ሄዶ «ከስሬያለሁ» ይላል። የኛ ሰውስ? ሽማግሌ ይልካል። ደርግን ሸሽተን ሮም በምንኖርበት ዘመን ልጄ አልማዝ ካምቢያሌ በሚሉት የዕዳ ሰነድ ላይ ፈርማ፣ በየወሩ ልትከፍል ሶፋ ገዛች። መክፈል ሲያቅታት ተቆጥቼ ከቤት አስወጣኋት። እሷም ሦስት ሽማግሌዎች ወደ ባለሱቁ ላከች። «ልመናችንን ካልሰሙ አንቀመጥም» ብለው በዚያ ሁሉ ሶፋ መሀል ቆሙ። ሰውየው ግራ ገብቶት «ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ አንድ ዓመት ጨምሬላታለሁ፤ ብቻ ተቀመጡ» አላቸው።

ከዚያው ወደ እኔ መጡ። «ባለሱቁ እንኳ ታግሷታል፤ አንተ አባቷ ነህ» አሉኝ። ስለ ቁጠባ አንድ ሰዓት ሙሉ መከርኳቸው። ቆመው ሰሙኝ፤ ሳይቀመጡም ሄዱ። ባለሱቁ ወጋችንን አያውቅም፤ እኔ ግን አውቅ ነበር። አልማዝ ዕዳዋን ከፍላ ጨርሳለች፤ ወደ ቤቴ ግን እስከ ዛሬ አልመጣችም።